የጣና ዓሣ በየትኛው ክር ይያዝ?

ስለ ጣና ሲነሳ ሁላችንም እምቦጭን እንጠራለን። ተገቢም ነው። ከአረሙ ሥር ግን ብዙ ያልተወራለት ሌላ ጉዳይ አለ፦ ሞኖፊላመንት የሚባለው መረብ።

ጉዳዩ የክር ጉዳይ ነው። የቀድሞው የናይሎን መረብ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች ተገምዶ የሚሠራ ነው። ወፈር ስለሚል ውኃ ውስጥ በመጠኑ ይታያል። ሲቀደድ ባለቤቱ ዳር ላይ ተቀምጦ ይጠግነዋል። ሞኖፊላመንት ግን አንድ ወጥ የፕላስቲክ ክር ነው። ቀጭን ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ዓሣው ልብ አይለውም። ስለዚህ ብዙ ይይዛል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ሲቀደድ ግን ለጥገና ስለማይመች ይጣላል። የተጣለው መረብ ደግሞ ሥራውን አያቆምም። ፕላስቲክ ቶሎ አይበሰብስምና ባለቤት በሌለበት ዓሣና ወፍ እየያዘ ይኖራል።

ይህ በየትኛውም ሐይቅ መጥፎ ነው፤ በጣና ግን የባሰ ነው። ጣና ውስጥ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ከደርዘን በላይ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ በክረምትና በመፀው መግቢያ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ወቅት የወንዙን አፍ በመረብ የዘጋ ሰው የሚይዘው የዛሬውን ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የሚቀጥሉትን ዓመታት ጭምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሐቅ መደበቅ የለበትም። ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ጣና የገቡት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ የላቢዮባርበስ መጠን በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ያ የሆነው ሞኖፊላመንት እንደ ዛሬው ሳይስፋፋ ነው። ስለዚህ ክሩን ብቻ መቀየር ጣናን አያድንም። በተጎዳ ሐይቅ ላይ ይህን ክር መጨመር ግን በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እስካሁን የለመድነው መንገድ ዳር ላይ ጠብቆ መረቡን ከአጥማጁ መውረስ ነው። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፈው ሰው መረቡን አልሠራውም፣ ከውጭም አላስገባውም። ገበያ ላይ ያገኘውን፣ አቅሙ የፈቀደውን ገዛ። ዛሬ ብትወርሱበት ልጆቹ መብላት ስላለባቸው በብድርም ቢሆን ነገ ያንኑ ይገዛል። አስመጪውና አከፋፋዩ ግን አይነኩም፤ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ይሸጣሉ።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጎደለን አዲስ ወረቀት አይደለም። ሦስት ነገሮች ቢደረጉ ይበቃሉ።

አንደኛ፣ ቁጥጥሩ ከታንኳው ወደ መጋዘኑ ይዙር። የሚጫን ዕቃ ከሆነ የሚያልፍበት ኬላ አለው።

ሁለተኛ፣ የተገመደው መረብ በማኅበራት በኩል በብድር ይቅረብ። አሮጌ ሞኖፊላመንት ያስረከበ አጥማጅ ዋጋው ይቀነስለት።

ሦስተኛ፣ ዓሣው እንቁላል በሚጥልበት ወቅት የወንዞቹ አፍ ለማንኛውም መረብ ይዘጋ። በዚያ ጊዜ አጥማጁ ከሐይቁ ወለል አምባዛን በመንጠቆ ሊይዝ ይችላል። መንጠቆው የሚታሰርባት አጭር ክር ከዋናው ክር ሳሳ ያለች ትሁን። ያን ጊዜ ድንጋይ ወይም ግንድ ቢይዘው የምትበጠሰው እሷ ብቻ ናት፤ ረጅሙ ክር ሐይቅ ውስጥ አይቀርም፣ ትንሿ ታንኳም አትጎተትም።

«ድሃው ምን ይብላ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዓሣው ሲያልቅ ግን መጀመሪያ የሚራበው ያው ድሃ ነው። ነጋዴው ሌላ ዕቃ ያስመጣል፤ ባለ ታንኳው ሌላ ሐይቅ የለውም።