ከነጥብ በኋላ ስንት አሃዝ?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1992 በሰሜን ጀርመኗ ሽሌስቪግ ሆልሽታይን ግዛት ምርጫ ተካሄደ። አንድ ፓርቲ ምክር ቤት ለመግባት ቢያንስ 5 በመቶ ድምፅ ያስፈልገው ነበር። የአረንጓዴዎቹ ፓርቲ ውጤት 5.0 ተብሎ ታተመ፤ ገቡም ተባለ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ትክክለኛው ቁጥር 4.97 መሆኑ ታወቀ። ውጤቱን የሚያትመው ፕሮግራም ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ ስለሚያሳይ ቁጥሩን አጠጋግቶት ነበር። መቀመጫው እንደገና ሲደለደል አረንጓዴዎቹ ውጪ ቀሩ፤ ሶሻል ዴሞክራቶቹ በአንድ መቀመጫ ብልጫ አብላጫውን ያዙ። ድምፁ በትክክል ተቆጥሯል፤ ስህተቱ የገባው ቁጥሩ ሲጻፍ ነው።

ስለዚህ የአሃዝ ብዛት ፕሮግራም ጸሐፊው አንዴ ወስኖ የሚቆልፈው የመልክ ጉዳይ መሆን የለበትም፤ ቁጥሩ ለምን እንደሚውል የሚያውቅ ሰው ሊወስነው ይገባል። ይህን የሚያስችለው መሣሪያ ከተሠራ ቆይቷል። በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ቁጥር የሚታተምበት ፕሪንትኤፍ ለቁጥሩ በሚሰጠው ስፋትና በአሃዝ ብዛቱ ቦታ ኮከብ («*») እንዲቀመጥ ይፈቅዳል፤ የሁለቱም ልክ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ይነገረዋል። ያው 4.97 አንድ አሃዝ ሲባል 5.0፣ ሁለት ሲባል 4.97 ሆኖ ይወጣል። ስፋትና የአሃዝ ብዛት ሲሳሳቱ ግን ጉዳታቸው እኩል አይደለም። ቁጥሩ ከተሰጠው ስፋት ቢበልጥ ዓምዱ ይዛነፋል እንጂ አሃዝ አይጎድልም፤ የአሃዝ ብዛት ሲያንስ ግን መረጃ ይሰወራል።

«እንግዲያው ሁሉም አሃዝ ይታይ» ቢባል አያዋጣም። ኮምፒውተር በሁለትዮሽ ስለሚሠራ 0.1ን እንኳ በልኩ አይዝም፤ በተለመደው ባለ64 ቢት አያያዝ 17 አሃዝ ቢጠየቅ 0.10000000000000001 ብሎ ያትማል። የመጨረሻዋን 1 ማንም አልለካትም። ኮከቡም ቢሆን ለስህተት ያጋልጣል የሚሉ እውነት አላቸው፦ የአሃዙ ብዛት በስህተት ከዜሮ በታች ቢሰጠው ሲ ምንም ሳይናገር ወደ ልማዱ ተመልሶ ስድስት አሃዝ ያትማል። መልሱ ከውጭ የመጣውን ቁጥር አስቀድሞ መፈተሽ ነው፤ ያም ከጥቂት መስመር አያልፍም።

ከሁሉ የሚጠነክረው መከራከሪያ «እንደ 5 በመቶው ያለ ወሰን በጥሬው ቁጥር ይመዘን፣ በታተመው አይደለም» የሚለው ነው። ልክ ነው፤ ፕሮግራሙ እንዲያ ማድረግ አለበት። ሰው ግን የሚፈርደው በሚያየው ነው። በመሆኑም ሶፍትዌር የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ውሳኔ ለሚንጠለጠልበት ለእያንዳንዱ ቁጥር፣ ከወሰኑ በላይ ይሁን በታች የሚለይ የአሃዝ ብዛት በውሉ ላይ ያስፍር፤ ርክክቡም ወሰኑን ለጥቂት በሳቱ ቁጥሮች ተፈትኖ ይፈጸም።