ቤተልሔም ያስመሰከረ ሰው ስንት ይከፈለዋል?

ትናንት ማታ ጀርመን የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። «ቲቸር፣ እስቲ ይችን ሴትዮ ይስሟት። የኛን አገር የኔታዎች ነው ያስታወሰችኝ» ይላል።

ሴትዮዋ እንግሊዛዊቷ ኤማ ከርክቢ ናት። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የጥንቱን ግሪክና ላቲን ነው፤ በዘፈን መተዳደር ከመጀመሯ በፊትም እንደኔ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች (ደስ አለኝ፣ አልደብቅም)። ከዚያ ዕድሜዋን ሙሉ እነ ዳውላንድና እነ ፐርስል ከ300 እና ከ400 ዓመት በፊት የደረሱትን ስትዘፍን ኖረች። ድምፅዋን ብዙ አታንቀጠቅጥም፤ ጥርት፣ ቀጥ ያለ ነው። በዚህ ሙያዋ ዓለምን ዞራለች፣ ብዙ አስቀድታለች፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የአገሯ ንግሥት «ዴም» የሚል ማዕረግ ሰጥታታለች። ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ ውስጥ ደግሞ ይህንኑ የጥንት ሙዚቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከ1933 ጀምሮ አለ።

ልብ በሉ፤ እነሱ ጋ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነበር። ፐርስል እ.ኤ.አ. በ1695 ሲሞት ጎንደር ላይ ታላቁ ኢያሱ ነግሦ ነበር። የፐርስል ዘመን ዘፋኞች እንዴት ይዘፍኑ እንደነበር ካፍ ወደ አፍ እየተቀበለ ያቆየ ሰው የለም። የዛሬዎቹ አሮጌ መጽሐፍ እያገላበጡ፣ እየገመቱ፣ እየተከራከሩ ነው መልሰው የሠሩት። ለዚህ ልፋት ነው ያ ሁሉ ክብር። ይገባቸዋል!

አሁን ወደኛ ሰፈር ልምጣ። ድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም ጋይንት ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከረው ዙር አባ ነው። የተክሌ አቋቋም ደግሞ እዚሁ ደብረ ታቦር። የፎገራው ሰው አለቃ ገብረ ሃና (ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በቀልዳቸው ብቻ ነው፣ ያሳዝናል) ያወጡትን ዝማሜ ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ ስሙም የተክሌ ሆኖ ቀረ። ሦስቱም ደቡብ ጎንደር ውስጥ። ሰንሰለቱም አልተበጠሰም።

«ምልክቱ በመጽሐፍ አለ፣ ዩቲዩብም ላይ ተጭኗል፣ ምን ያሳስብሃል?» የምትሉኝ አላችሁ። አዎ፣ በንጉሥ ገላውዴዎስ ዘመን እነ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሠሩት ምልክት አለ። ግን ይዘቱና ድፋቱ፣ ርክርኩና ጭረቱ፣ ከፊደሉ በላይ የተጻፉት በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፊደሎች ዜማውን ለማያውቅ ሰው አይነግሩትም፤ የሚያውቀውን ያስታውሱታል እንጂ። ዜማው ያለው የኔታ ጉሮሮ ውስጥ ነው። ተማሪው ሲስት «ተመለስ!» የሚለው ሰው ያስፈልጋል። ስልክ ተመለስ አይልም።

አንድ አብሮ አደግ አለኝ፤ መሪጌታ ነው፣ ግን አብረን ከብት ስለጠበቅን አንተ ነው የምለው። እኔ አስኳላ ስገባ እሱ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ሄደ። ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እያባረረው፣ ጾመ ድጓና ምዕራፍ ዘለቀ፤ ከዚያ ድጓውን በእጁ ጽፎ ቤተልሔም አስመሰከረ። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ደመወዝተኛ ከሆንኩ ስንት ዓመት በኋላ ነው የተመለሰው። ዛሬ የወር ደመወዙ ልጁ በባጃጅ በሳምንት የሚያስገባውን አይሞላም። አምና «ልጅህን ለምን አላስተማርከውም?» አልኩት። ዝም አለ፣ አለ፣ «እኔ የበላሁትን ውሻ ልጄም እንዲበላው ነው?» አለኝ። ውሻ የነከሰው እግሩን ነበር የሚያሳየኝ።

ይኸው ነው የኔ ነጥብ። ዜማ ጸሎት እንጂ ሙያ አይደለም የሚለኝ ሰው ይኖራል፤ ጸሎት ነው፣ አልተከራከርኩም። የሚጸልየው ሰው ግን ልጅ ያሳድጋል፣ የቤት ኪራይ ይከፍላል። ድሮ ተማሪውን ያበላው የነበረ ገበሬ ነው፤ የዛሬው ገበሬ በማዳበሪያ ዋጋና በጦርነቱ ራሱ ደቅቋል። መንገድ ሲዘጋ ቅድሚያ የሚራበው ለማኝ ተማሪ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱም፣ የባህል ቢሮውም፣ ውጭ ያለነው የጎንደር ማኅበራትም ለጣሪያና ለጉልላት ገንዘብ ስናዋጣ እናምርበታለን። ለየኔታ ደመወዝ፣ ለተማሪ ቀለብ ሲባል ግን ኪሳችን ይጠባል። ቆርቆሮ ላይ ስም ይጻፋል፣ ቀለብ ላይ አይጻፍም፤ ምናልባት ለዚያ ይሆናል።

ጀርመን ላለው ተማሪዬ እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ «ሴትዮዋን ወደድኳት። አንተ ግን ለአንድ የድጓ ተማሪ የዓመት ቀለብ ብትችል ምን ይመስልሃል?» እስካሁን አልመለሰም፤ እዚያ ሌሊት ስለሆነ ይሆናል።

ለቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ ደብረ ታቦር ኢየሱስ የምትመጡ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ወረቡን በስልክ ቀድታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ከመሪጌቶቹ አንዱን ጠጋ ብላችሁ «ዘንድሮ ስንት ተማሪ አለዎት?» በሏቸው። መልሱን እዚህ ከታች ጻፉልኝ።