የባሕር ማዶ ጋብቻና የዋስትናው ወረቀት



የአንባቢዎች አስተያየት በሚወጣበት በዚህ ዓምድ፤ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ብዙ ቤተ ሰብ ሲያስጨንቅ ስላየሁት አንድ ነገር ጥቂት አሳብ ለማቅረብ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩም በአሜሪካ የሚኖር ሰው ከዚህ አገር ያገባትን ሚስቱን ለመውሰድ ሲያመለክት የሚጠየቀው የገቢ ማስረጃ ነው።

አንድ ቀን አንድ አባት ወደ ቤቴ መጥተው የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው አሳዩኝ። «የልጄ ባል ገቢህ አነሰ ተባልሁ ይላል፤ ይህ ደብተር ቢላክለት ይሞላለት ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ልጃቸው ተማሪዬ ነበረች። ሠርግዋ ከተደረገ ሁለት ዓመት አልፎአል፤ እርስዋም ዛሬ ነገ እሄዳለሁ በማለት ትምህርትዋን አቋርጣ ተቀምጣለች። እንግሊዝኛ ስለማነብ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ተመለከትሁ፤ የሰጠሁአቸው መልስ ግን የሚያስደስት አልነበረም። ደብተሩ የእርሳቸው እንጂ የልጃቸው ወይም የባልዋ ካለመሆኑም በላይ፤ የአሜሪካ ሕግ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ገንዘብ ሊለወጥ የሚችለውን ንብረት ብቻ ይቈጥራል። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም።

ሕጉ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት የትዳር ጓደኛውን የሚያስመጣ ሰው ገቢው መንግሥት ለድህነት ወለል ከወሰነው ልክ ከመቶ 125 እጅ ማነስ የለበትም። በ2025 ስሌት ይህ ከአላስካና ከሐዋይ በቀር ለባልና ሚስት ብቻ በዓመት 26,437 ዶላር ያህል፤ አንድ ልጅ ሲጨመር 33,312 ዶላር ያህል ነበር። ሰውየው አስቀድሞ እናቱን በዚሁ ዓይነት ዋስትና አስመጥቶ ከሆነ፤ ዋስትናው እስካላለቀ ድረስ እርስዋም በቤተ ሰቡ ቍጥር ትገባለች። ገቢው ያነሰበት ሰው ግን በዚያው አገር የሚኖር ሌላ ዜጋ ወይም ባለ ግሪን ካርድ አብሮት እንዲፈርም ማድረግ ይችላል።

አባቶቻችን በሰማንያ ሲያጋቡ ከወንዱም ከሴቲቱም ወገን ዋስ ይጠሩ ነበር። ዋስ የሚሆነውም ሰው የሚገባበትን ግዴታ በሽማግሌዎች ፊት ሰምቶና ተረድቶ ነበር የሚገባው። ይህም የአሜሪካ ወረቀት ከዋስትና የተለየ አይደለም፤ እንዲያውም የጠነከረ ነው። ሚስቲቱ ለችግረኞች የሚሰጥ የመንግሥት ርዳታ ብትቀበል የፈረመው ሰው ገንዘቡን እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል። ግዴታውም ባልና ሚስቱ ቢፋቱ እንኳ አይቀርም፤ የሚያበቃው የመጣችው ሴት ዜግነት ስታገኝ፤ ወይም አሥር ዓመት ያህል የሥራ ጊዜ ሲቈጠርላት፤ ወይም አገሩን ጨርሳ ስትለቅ፤ አለዚያም ሞት ሲመጣ ነው። እንግዲህ የአክስት ልጅ «አልፈርምም» ቢል ክፉ ዘመድ ነው ብለን መቀየማችን ተገቢ ነውን?

«ፍቅር በዶላር ይመዘናልን?» የሚሉ አሉ። እኔም ነገሩ ቀላል ነው አልልም። በቅንነት እየሠራ ደመወዙ ስላነሰ ብቻ ከሚስቱ ተለይቶ የሚኖር ሰው ያሳዝናል። በብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2012 በዓመት 18,600 ፓውንድ የነበረው ልክ በሚያዝያ 2024 ወደ 29,000 ፓውንድ ከፍ ብሎአል። ሆኖም የሰው አገር ሕግ ከመካነ ሰላም ሆነን አንለውጠውም። በእጃችን ያለው እውነቱን ከሠርጉ በፊት መነጋገር ነው።

የእኛ ሽማግሌዎች ስለ ዘር ይጠይቃሉ፤ ስለ ጠባይ ይጠይቃሉ፤ በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በኒካሕ እንዲፈጸም ይስማማሉ። ከባሕር ማዶ የመጣውን ሙሽራ ግን ስለ ገቢው መጠየቅ እንደ ነውር ይቈጠራል። እርሱም በተከራየው መኪናና በለበሰው ልብስ ተከብሮ ይሄዳል፤ በዚያ አገር የሚያገኘውን ቢናገር የሚዋረድ ይመስለዋል። በኋላ ወረቀቱ ሲመለስ ግን ውርደቱ በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ጎረቤት «ጣላት» ብሎ የሚያማት ልጅቱን ነው። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፤ ሙሽራው የዓመት ገቢውንና በስሩ የሚያስተዳድራቸውን ሰዎች ቍጥር ከቀለበት በፊት በግልጽ ይናገር፤ ሽማግሌዎችም ሳያፍሩ ይጠይቁት። ሁለተኛ፤ ዘመድ አብሮ እንዲፈርም ሲለመን ግዴታው እስከ መቼ እንደሚቈይ ሳይደበቅ ይነገረው። ሦስተኛና ዋናው፤ ሙሽራይቱ ወረቀቱ እስኪያልቅ ድረስ ትምህርትዋን ወይም ሥራዋን አትተው። ቪዛ ቢመጣ የተማረችው አብሮአት ይሄዳል፤ ቢዘገይም የተማረችው አብሮአት ይቀመጣል።

ያቺ ተማሪዬ ወደ ትምህርትዋ እንድትመለስ አባትዋን ለምኛለሁ። «ባልዋን እናማክር» ብለውኛል። እኔም መልሳቸውን እየጠበቅሁ ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከመካነ ሰላም