«ፌስ ቱ ፌስ» ማለት ለብቻ ማለት አይደለም

ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጅ፤

የቋንቋ ማሠልጠኛዎች ማስታወቂያ ላይ «ፌስ ቱ ፌስ» እና «ዋን ኦን ዋን» አንዱ በሌላው ቦታ ሲገቡ አያለሁ። ነገሩ የሰዋስው መምህራን ጭቅጭቅ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ የወላጅን ኪስ ስለሚነካ ነው የምጽፈው።

ጎረቤቴ ለልጃቸው «ፌስ ቱ ፌስ» የእንግሊዝኛ ሥልጠና ብለው ከፈሉ። ለብቻዋ የምትማር መስሏቸው ነበር፤ ልጅቷ ስትሄድ ክፍሉ ጢም ብሎ ጠበቃት። ገንዘቡ ይመለስ ሲሉ «መምህሩ ፊት ለፊት ቆሞ እያስተማረ አይደል?» ተባሉ። እውነት ነው፣ ሐረጉ የሚናገረው በአካል ስለመገናኘት እንጂ ስለ ሰው ብዛት አይደለም። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የገጽ ለገጽ ትምህርትም አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ቢቀመጥ ያው ገጽ ለገጽ ነው።

ዋን ኦን ዋን (እንግሊዞቹ ዋን ቱ ዋን ማለት ይቀናቸዋል) ቁጥር ነው፦ ሁለት ሰዎች፣ በቃ። አንዱ አዳማ፣ ሌላው ዋሽንግተን ተቀምጠው በዙም ቢማማሩም ስሙ አይለወጥም። እናም ይህን አይቶ የከፈለ ሰው መምህሩ ቤት ድረስ ይመጣል ብሎ ቢጠብቅ እሱም ተሳስቷል። በቅርጽ የሚመስላቸው ሄድ ቱ ሄድ ደግሞ ፉክክር ነው፤ በስፔን ላሊጋ እኩል ነጥብ ያላቸው ሁለት ክለቦች የሚለዩት እርስ በርስ ባደረጉት ግጥሚያ ነው። የሚገርመው፣ በቃል ደረጃ ያንኑ የሚለው የፈረንሳይኛው ቴት አ ቴት የሁለት ሰዎች የግል ጨዋታ መሆኑ ነው።

«ሰው እስከገባው ድረስ ምን ቸገረህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ድሮ አስጠኚ ቤት መጥቶ አንድ ልጅ ያስጠና ስለነበር በአካል መምጣቱና ለብቻ መሆኑ አብረው ይሄዱ ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ካዘጋ ወዲህ ግን ማስጠናቱ ወደ ስልክና ኮምፒውተር ገባ፤ በአካል መምጣትና ለብቻ መሆንም ተለያዩ። አንዳንድ ማሠልጠኛ አሻሚውን ሐረግ የሚመርጠው አውቆ ነው ባይ ነኝ።

እናንተም የሥልጠና ማስታወቂያ ታትማላችሁ። ከማተማችሁ በፊት አስነጋሪውን ሁለት ነገር ጠይቁልን፦ በአካል ነው በኢንተርኔት? ለብቻ ነው በቡድን? መልሱንም በአማርኛ አትሙት።

አክባሪያችሁ፣
የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከአዲስ አበባ