ቻርተሩ የከተማው ሕዝብ ነው

የከተማ ቻርተር የማን ነው? የከንቲባው ነውን? የምክር ቤቱ ነውን? ወይስ ግብር እየከፈለ በከተማው የሚኖረው ሕዝብ ነው? ሕግ መጻፍ የሊቃውንት ሥራ ነው፤ ተራው ሰው ፊርማ ሰብስቦ ቻርተር ያሻሽል ማለት ከተማን ለጯሂ መስጠት ነው የሚሉ ሰዎች በየክፍሉና በየሻይ ቤቱ ያጋጥሙናል። እኛ ይህን አስተያየት አንቀበለውም። የማንቀበለውም በስሜት ተነሣሥተን ሳይሆን፣ በሥራ ላይ የዋለ ምሳሌ ስላለን ነው።

በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1912 ሕገ መንግሥቱን ሲያሻሽል ከተሞች የየራሳቸውን ቻርተር እንዲያወጡ ፈቀደ። ቻርተሩንም ለማሻሻል ሁለት መንገድ አበጀ። አንደኛው፣ ከከተማው ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛው ሲስማማ ነው። ሁለተኛው፣ ባለፈው የከተማ ምርጫ ከተሰጠው ድምፅ 10 በመቶ የሚያህሉ መራጮች በአቤቱታ ላይ ሲፈርሙ ነው። እኛ አቤቱታ ሲባል ደጅ ጥናትና ልመና ይታሰበናል። ይህ ግን ልመና አይደለም። ፊርማው ተመርምሮ ከሞላ፣ ምክር ቤቱ ወደደም ጠላም ሐሳቡን ለሕዝብ ድምፅ ማቅረብ ግዴታው ነው። በሁለቱም መንገድ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ድምፅ ሰጪው ነው። ፊርማ ብቻውን ሕግ አያወጣም፤ የተዘጋውን በር ያስከፍታል እንጂ።

በሩ ለምን እንደሚያስፈልግ በዚያው ግዛት የምትገኘው የክሊቭላንድ ከተማ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የከተማዋ ፖሊሶች መሣሪያ ያልያዙ ሁለት ሰዎች በተቀመጡበት መኪና ላይ 137 ጥይት ተኩሰው ገደሏቸው። በ2014 ደግሞ የመጫወቻ ሽጉጥ ይዞ በመናፈሻ ውስጥ የነበረውን የ12 ዓመት ልጅ፣ ታሚር ራይስን፣ አንድ ፖሊስ በደረሰ በሁለት ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ተኩሶ ገደለው። በልጁ ሞት ምክንያት የተከሰሰ ፖሊስ አልነበረም። በ2015 ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት አንድ የነዋሪዎች ኮሚሽን ቢቋቋምም፣ ሥልጣኑ ምክር ከመስጠት አያልፍም ነበር። ታዲያ ሕዝቡ ወዴት ይሂድ?

ወደ ፊርማ ሄደ። በ2021 ዜጎች ማሻሻያውን አዘጋጅተው ፊርማ ሰበሰቡ፤ ልጆቻቸውን በፖሊስ ጥይት ያጡ እናቶችም ከቀስቃሾቹ መካከል ነበሩ። የዚያን ጊዜው ከንቲባና የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ተቃወሙት። ሕዝቡ ግን ከመቶ 59 በሚያህል ድምፅ አጸደቀው። በዚህም 13 አባላት ያሉት ኮሚሽን በፖሊስ ዲሲፕሊን ላይ የመጨረሻ ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን በቻርተሩ ተጻፈለት። በምክር ቤቱ በጎ ፈቃድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ይገኝ ነበርን?

ሕዝብ በስሜት ይነዳል ለሚሉን መልስ አለን። በዚያኑ ዕለት በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ የፖሊስ መሥሪያ ቤቱን በሌላ መሥሪያ ቤት እንዲተካ በፊርማ የቀረበውን ማሻሻያ መራጮች ጣሉት። በ2023 ክሊቭላንድ ራሷ፣ ከከተማዋ በጀት ጥቂቱን ነዋሪዎች እንዲመድቡት የሚለውን የፊርማ ሐሳብ በጥቂት ድምፅ ልዩነት ሳትቀበለው ቀረች። ይህ የሚመዝን ሕዝብ ነው እንጂ የሚነዳ መንጋ አይደለም።

ባለገንዘብ ፊርማ ይገዛል የሚል ክርክርም አለ። በአሜሪካ ፊርማ ለቃሚ በክፍያ መቀጠሩ እውነት ነው። ነገር ግን ባለገንዘብ የከንቲባውን ደጅ መቼ አጣ? ከፊርማው በቀር ሌላ መግቢያ የሌለው ድኻው ነው። መድኃኒቱ ሳያነቡ አለመፈረም ነው እንጂ በሩን መዝጋት አይደለም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ዋና ከተማ አለማንሣት አይቻለንም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ ራስን በራስ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ይሰጣል። ሆኖም በ1995 ዓ.ም. የወጣውን የከተማዋን ቻርተር ያጸደቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ በ2010 ዓ.ም. ያሻሻለውም ይኸው ምክር ቤት ነው። በሁለቱም ጊዜ ነዋሪው በቻርተሩ ላይ ድምፅህን ስጥ አልተባለም። የራሱን ቻርተር አንዲት ቃል እንኳ ለማስለወጥ መንገድ የሌለው ነዋሪ፣ ሙሉ ሥልጣን አለው ማለት እንዴት ይቻላል? የሕግ መምህሮቻችን ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ እንዲያነሡልን፣ ተማሪዎችም ቻርተሩን አግኝተን እንድናነብ እናሳስባለን።

ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የከተማ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ሸክሙን ሁሉም ይሸከም የሚል ሰው፣ ብዕሩንም ለሁሉም ይስጥ።