አርባ ሁለት ደብዳቤ

«የቀን ቅኝት» የተሰኘውን የሬዲዮ ድራማ የሚያስታውስ አንባቢ አይጠፋም። ከ1994 ዓ.ም. ግንቦት እስከ 1997 ዓ.ም. ኅዳር በኢትዮጵያ ሬዲዮ 257 ክፍሎች ተላልፎ የቤተሰብ ምጣኔንና ኤችአይቪን በሰዎች የዕለት ኑሮ ውስጥ አሳይቷል። ያዘጋጀው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት ከአድማጮች ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ ደርሶታል። ኢንተርኔት የጥቂት ከተሜዎች ጉዳይ በነበረበት ዘመን ይህን ያህል ደብዳቤ ወረቀትና ቴምብር ተገዝቶ ተጽፏል ማለት ነው።

ስለ ዲጂታል ሚዲያ ተሳትፎ ስናወራ ይህን ታሪክ መዝለላችን ይቆጨኛል። ሰው ከፌስቡክና ከዩቲዩብ በፊትም ለሰማው ነገር መልስ ይሰጥ ነበር። አሜሪካዊው የሚዲያ ተመራማሪ ሄንሪ ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ «አሳታፊ ባህል» ሲጽፍ መነሻው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም አፍቃሪዎች ነበሩ፤ የሚወዷቸውን ገጸ ባሕርያት ይዘው የራሳቸውን ታሪክ ይደርሱ፣ በወረቀት አባዝተውም ይለዋወጡ ነበር። የእኛ ዘመን አዲስ ነገር ሌላ ነው። ያኔ አድማጩ ምን እንዳለ ለማወቅ ደብዳቤውን ከፍቶ ማንበብ ግድ ነበር፤ ዛሬ የታዳሚው መልስ ሳይነበብ ይቆጠራል።

ይህ ቆጠራ ሚዲያዎቻችንንም ጥናቶቻችንንም እየጎዳ ነው ብዬ አምናለሁ። በዝግጅት ክፍል ስብሰባ «ስንት ቪው አገኘ? ስንት ሼር ተደረገ?» ይባላል፤ «ሰዎቹ ምን አሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብርቅ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉም ላይክና ኮሜንቱን በሠንጠረዥ ደምሮ «ተሳትፎው ከፍተኛ ነው» ይልና ያበቃል።

ቁጥሩ ራሱ ደግሞ የታዳሚው ብቻ አይደለም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የቁጣን ምልክት ጨምሮ የስሜት ምልክቶችን ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ አድርጎ ይመዝን ነበር፤ በ2018 ደግሞ ሰዎችን የሚያነጋግሩ ጽሑፎች ቀድመው እንዲታዩ አሠራሩን ቀየረ። የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን በ2021 ያወጣቻቸው የኩባንያው ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ይህ አሠራር ቁጣንና ጠብን እንደሚያባብስ የገዛ ሠራተኞቹ አስጠንቅቀው ነበር። እንግዲህ ከአንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሥር አሥር ሺህ ኮሜንት ብናይ፣ ጉዳዩ ሕዝቡን ነክቶት ነው ወይስ ጠብ ያለበት ነገር ተመርጦ ቀርቦለት? ይህን ከውጭ ሆኖ መመርመር ራሱ ከብዷል። ጋዜጠኞች ይገለገሉበት የነበረውን ክራውድታንግል የተባለ መከታተያ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ዘግቶታል።

የሚያስቀናኝ ጥናት በእነዚህ ሁሉ ቁጥሮች ፊት ትንሽ ነው። የሚዲያ ተመራማሪዋ ኢየን አንግ ኔዘርላንድ ውስጥ በአንድ የሴቶች መጽሔት ላይ አጭር ማስታወቂያ አወጣች፤ «ዳላስ» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የምትወዱም የምትጠሉም ጻፉልኝ አለች። የደረሷት 42 ደብዳቤዎች ነበሩ። ከእነዚያ የተነሣው፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመው መጽሐፏ እስከ ዛሬ በዘርፉ ይጠቀሳል። ተመልካቾቹ የቴክሳስ ነዳጅ ባለጸጎች ኑሮ ከራሳቸው ሕይወት እንደማይገናኝ ያውቁ ነበር፤ ጥሉ፣ ቅናቱና ሐዘኑ ግን እውነት ሆኖ ይሰማቸው ነበር። አምርረው የሚጠሉትም ቁጭ ብለው ያዩት ነበር። በቪው ቆጠራ የሚጠላውም የሚወደውም እኩል አንድ ነው።

ከአማርኛ ድራማዎች ሥር በዩቲዩብ የሚጻፈውን እንዲህ አድርጎ የሚያነብ እንፈልጋለን። ከሪያድ፣ ከቤሩት፣ ከዱባይ የሚጽፉ እህቶች አሉ፤ ስለ ድራማው ጀምረው ስለ ራሳቸው እናት፣ ስለ ናፍቆት፣ ስላላለቀ ኮንትራት ይጨርሳሉ። አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፈው፣ እያሞገሰ የሚሳደበው፣ ምርቃት ብቻ ጥሎ የሚሄደው ኮምፒውተር በሚያወጣው መደብ ውስጥ በቀላሉ አይገባም። በአንድ ስልክ ተሰብስቦ የሚያየውና ምንም የማይጽፈው ቤተሰብ ደግሞ ጭራሽ አይታይም፤ እሱን ለማግኘት ቤቱ ድረስ መሄድ ይጠይቃል። የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍሎች ለአንድ ተማሪ የአንድ ክፍል ድራማ ኮሜንት ብቻ ሰጥተው ሁሉንም እንዲያነብ፣ ከዚያም ተመልካቾችን አግኝቶ እንዲያነጋግር ቢያደርጉ፣ ሺህ ገጽ ከሚደምር ጥናት የተሻለ ይወጣዋል።

አንድ ከባድ ኃላፊነት ግን አብሮ ይመጣል። ለአንግ የጻፉላት ሰዎች ለማን እንደሚጽፉ ያውቁ ነበር። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ሌሊት ስለ አሠሪዋ የጻፈችውን ግን ለተመራማሪ ብላ አልጻፈችውም። ቃሏ እንዳለ ከተጠቀሰ፣ ስሟ ቢደበቅም፣ ዓረፍተ ነገሩን ጎግል ላይ የፈለገ ሰው ሊያገኛት ይችላል። ስለዚህ አጥኚው ቢቻል አስቀድሞ ያስፈቅዳት፤ ካልተቻለ የሐሳቧን ፍሬ በራሱ አነጋገር ይጻፍ፤ ሊጎዳት የሚችል ከሆነም ጨርሶ ይተወው።