ቅጠሉ ራሱ ሲያቃጥል

በዋሽንግተን ግዛት፣ በሲያትል ከተማ የሚኖር ሰው ከሱቅ የሚገዛውን የፊት ቅባት ዛሬ ሕግ ይጠብቅለታል። የግዛቲቱ ምክር ቤት መዋቢያዎችን ከመርዛማ ኬሚካሎች ለማጽዳት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው ሕግ፣ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ እንደ ሜርኩሪ፣ እርሳስና ፍታሌት ያሉ ንጥረ ነገሮች በመዋቢያ ውስጥ እንዳይጨመሩ ከልክሏል። የፌዴራሉ መንግሥትም ከ1938 ወዲህ እምብዛም ሳይነካው የቆየውን የመዋቢያ ሕግ በ2022 ማብቂያ ላይ አጠናክሮታል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ሕጎች የማይደርሱበት አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም ወጥ ቤት ነው። ሎሚ ከማር፣ እርድ ከእርጎ፣ እንቁላል ከሶዳ የሚደባለቅበት ሳህን ተቆጣጣሪ የለውም።

ይህ በሬኒየር ሸለቆና በአካባቢው ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ተራ ጉዳይ አይደለም። ከአገር የወጣ ሰው ከሻንጣው ጋር የእናቱንና የአያቱን ዕውቀት ይዞ ይወጣል። የባዕድ አገር ሱቅ መደርደሪያ በማይነበቡ የኬሚካል ስሞች ሲሞላ፣ የሚታወቀውን ሎሚና የሚታወቀውን ማር ማመን ተፈጥሯዊ ዝንባሌ ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል «ጉዳት የሌለው» ከሚለው ጋር አንድ ተደርጎ ሲወሰድ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንኳ በመዋቢያ ላይ ለሚጻፈው «ተፈጥሯዊ» ለሚለው ቃል ሕጋዊ ትርጉም አልሰጠውም። ቃሉ በጠርሙስ ላይ ቢጻፍም፣ በወጥ ቤት ውስጥ ቢነገርም፣ ስለ ደኅንነት የሚያረጋግጠው ነገር የለም።

ነገሩን ለመረዳት ወዛማ ቆዳ ከምን እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ከቆዳ ሥር ያሉት የወዝ ዕጢዎች ቅባት የሚያመነጩት በዋናነት አንድሮጅን በተባሉት ሆርሞኖች ትእዛዝ ነው። በጉርምስና ዕድሜ ፊት የሚያብረቀርቀውና ብጉር የሚበዛው ስለዚህ ነው። ከላይ የሚቀባ ሎሚም ሆነ አመድ የዕጢውን ሥራ አያስቆምም፤ የሚያደርገው የተገኘውን ቅባት ለጥቂት ሰዓታት መጥረግ ብቻ ነው። ቅባቱ ተመልሶ ሲወጣ ብዙዎች መድኃኒቱ አነሰ ብለው መጠኑን ይጨምራሉ፤ ቆዳው መጎዳት የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው።

ጤናማ የፊት ቆዳ ጥቂት ኮምጣጣነት አለው፤ በፒኤች መለኪያ ወደ 5 ይጠጋል። የሎሚ ጭማቂ ግን 2 አካባቢ ነው። በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር መውረድ ማለት ኮምጣጣነቱ በ10 እጥፍ መጨመር ስለሆነ፣ በሎሚውና በቆዳው መካከል ያለው ልዩነት ወደ 1000 እጥፍ ይደርሳል። ሶዳ ደግሞ በተቃራኒው ከ8 በላይ ነው። አንዱ ከታች፣ ሌላው ከላይ ሆነው የሚያፈርሱት ያንኑ አጥር ነው፤ ቆዳ እርጥበቱን የሚይዝበትንና ተሕዋስያንን የሚከላከልበትን።

ሎሚ ሌላም ጠባይ አለው። በልጣጩና በጭማቂው ውስጥ ፉሮኩማሪን የተባሉ ውህዶች ይገኛሉ፤ እነዚህ ቆዳ ላይ ሳሉ የፀሐይ ጨረር ሲያገኛቸው ቃጠሎ ያስነሣሉ፤ ቃጠሎው ሲድን ደግሞ ጥቁር ምልክት ይተዋል። በዚህ ረገድ ስሙ በተደጋጋሚ የሚነሣው አሜሪካኖች «ላይም» የሚሉት ትንሹ አረንጓዴ ሎሚ ነው፤ ይህም የኢትዮጵያን የገበያ ሎሚ የሚመስለው ነው። በብዙ ግቢ የሚተከለው ጤና አዳምም እነዚሁ ውህዶች አሉት፤ ቡና ውስጥ ሲገባ ግሩም መዓዛ ቢሰጥም፣ ተወቅጦ ፊት ላይ ከተቀባ ጉዳቱ ከሎሚ አይተናነስም። «ሲያትል ደመናማ ናት፣ ምን ፀሐይ አለና» የሚል መልስም አያዋጣም። ጉዳቱን የሚያስከትለው ረጅሙ የአልትራቫዮሌት ጨረር ደመናንም የመስኮት መስታወትንም ያልፋል፤ በሰኔም የከተማዋ ቀን ወደ 16 ሰዓት ይረዝማል።

የጥቁር ቆዳ ጉዳይ እዚህ ላይ ተለይቶ መታየት አለበት። በነጭ ቆዳ ላይ ቀልቶ የሚያልፍ ቁስለት፣ በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ጠቁሮ ይቀራል። ብጉሩ በቀናት ወይም በሳምንታት ይከስማል፤ የተወው ጥቁር ምልክት ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ምልክቱን ለማጥፋት የሚደረገው ሩጫም ብዙውን ጊዜ ወደ ማንጫ ክሬም ይመራል። በድብቅ ከሚሸጡት ከእነዚህ ክሬሞች መካከል ኩላሊትንና የነርቭ ሥርዓትን የሚጎዳ ሜርኩሪ፣ ወይም ቆዳን የሚያሳሳ ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለባቸው ይገኛሉ። በአንድ ሎሚ የተጀመረ ጉዞ፣ ሕጉ ሊከላከለው ወደወጣው መርዝ ሊያደርስ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን የአያቶችን ዕውቀት ለመናቅ ምክንያት አይሆንም። ዕፅዋት ኃይል ባይኖራቸው ኖሮ ጉዳትም ባላደረሱ ነበር። ከአውስትራሊያ ዛፍ የሚወጣው የቲ ትሪ ዘይት ለዚህ ምሳሌ ነው። በ1990 በ124 የብጉር ሕመምተኞች ላይ በታተመ ጥናት፣ 5 በመቶ የተደረገው ዘይት የታወቀውን ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያህል ፈጥኖ ባይሠራም ብጉርን ቀንሷል፤ የጎንዮሽ ጉዳቱም ያነሰ ነበር። የረዳው ቅጠሉ ከዱር መምጣቱ ብቻ ሳይሆን መጠኑ መለካቱም ነው፤ ሳይበረዝ የተቀባ ዘይት ቆዳን ያስቆጣል። በአንጻሩ በ2016 በኒውዚላንድ 136 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ፣ ለሕክምና ተብሎ የተዘጋጀ ማር ከጀርም ማጥፊያ ሳሙና ጋር ሲጨመር ከሳሙናው ብቻ የተሻለ ውጤት እንዳመጣ ማረጋገጥ አልቻለም። ማር ለቁስል ያለው ክብር ለብጉር አይበቃውም ማለት ነው።

ሬትም ጥንቃቄ ይሻል። በኢትዮጵያ ከ40 በላይ የሬት ዝርያዎች አሉ፤ በሲያትል ሱቅ የሚሸጠው ከእነርሱ የተለየ ነው። ከልጣጩ ሥር የሚፈሰው ቢጫውና መራራው ፈሳሽ ቆዳን ያሳክካል፤ የሚያቀዘቅዘው በመካከል ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ክፍል ነው። ቅቤም ለጸጉር ቢስማማ ለወዛማ ግንባር አይስማማም። የአሜሪካ ሐኪሞች በ1970 የጸጉር ቅባት የሚያስከትለውን የግንባር ብጉር ለይተው ጽፈዋል፤ ከጸጉር ወደ ግንባር የሚወርድ ቅቤም ከዚህ የተለየ ምክንያት የለውም።

«የሐኪም ዋጋ ውድ ነው፣ ኩባንያዎቹም አይታመኑም» የሚለው ቅሬታ እውነትነት አለው። ሕጉ ራሱ የወጣው እምነቱ ስለተጓደለ ነው። ነገር ግን ምርጫው በሎሚና በውድ ክሊኒክ መካከል ብቻ አይደለም። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድና ሳሊሲሊክ አሲድ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በማንኛውም ፋርማሲ ይገኛሉ፤ አዳፓሊንም ከ2016 ጀምሮ እንዲሁ ይሸጣል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን አዳፓሊንን መተው አለባት። በቀን ሁለት ጊዜ ለስላሳ በሆነ ሳሙና መታጠብ፣ ቅባት የሌለበት ማለስለሻና የፀሐይ መከላከያ መቀባት ለብዙ ወዛማ ፊቶች ከሳህኑ ውህድ የበለጠ ይጠቅማል። ከቤት መድኃኒት አልለይም የሚል ሰው ደግሞ ሎሚን፣ ሶዳንና ጤና አዳምን ከፊቱ ያርቅ፤ ሌላውንም አስቀድሞ በክንዱ ውስጠኛ ክፍል ላይ ለጥቂት ቀናት ይሞክር።

ከሁሉ በላይ ጥያቄው ለሚሸጡት ሊቀርብ ይገባል። በቤት የተቀመመ ክሬም በስልክ መልእክት ማስታወቂያ ሲሸጥ፣ ሻጩ አምራች ሆኗል፤ የግዛቲቱ ሕግም ለአነስተኛ ሻጭ በሩን አይዘጋም፣ ኃላፊነቱን ግን አያነሣለትም። ውሃ ወይም እርጎ ያለበት ቅባት ያለ መከላከያ ሲቀመጥ ባክቴሪያና ሻጋታ ያበቅላል። ገዢው በውስጡ ምን እንዳለ፣ መቼ እንደተሠራና እስከ መቼ እንደሚያገለግል የመጠየቅ መብት አለው፤ መልስ የሌለው ዕቃ የወገን እጅ ስለሠራው ብቻ ሊታመን አይገባም።

አባቶች «ነገር ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት በጊዜ ለመጠንቀቅ ነው። በወዛማ ቆዳ ጉዳይ ግን የሚያቃጥለው ቅጠሉ ራሱ ሊሆን ይችላል። የአያቶች ዕውቀት የሚከበረው በጭፍን ሲደገም ሳይሆን፣ የቱ እንደሚጠቅምና የቱ እንደሚጎዳ ሲመረመር ነው። የሱቁ ጠርሙስ መመርመር ካለበት፣ የወጥ ቤቱ ሳህንም በዚያው ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል።